ስለ 75 ሳንቲ ሜትር

የዚህ ገጽ ቋሚ አንባብያን ከእኔ የሚጠብቁት ግጥም እንደ ሆነ አውቃለሁ። የዛሬው ግን ሙግት ነው። የሙግቱም መነሻ ጋሪ ነው፤ መንታ ሕፃናት ጎን ለጎን የሚቀመጡበት፣ በለንደን አውቶቡስ ውስጥ የሦስት ሰው መቆሚያ ለብቻው የሚይዝ ባለ ሁለት መቀመጫ የሕፃን ጋሪ። «ይህ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ሀገርን በእናት መስለን፣ አዝላ እንዳሳደገችን ደጋግመን የጻፍን፣ ጀርባዋን በስንኝ ያወደስን እኛ ወንዶች ገጣምያን፣ ለመሆኑ አንድ ሕፃን አዝለን አንድ ፌርማታ ተጉዘን እናውቃለን? ጋሪውም ግጥሙም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ወር፣ እዚሁ ለንደን፣ በአንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ነው። ባለቤቱ መንታ መፀነሷን በቅርቡ የተረዳ አንድ ወጣት ወንድማችን፣ ማዕድ ከተነሣ በኋላ «ለአውቶቡስ የሚሆን የመንታ ጋሪ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበ። አንዱ የጀርመኑን፣ ሌላው የኒውዚላንዱን አመሰገነ። በዕድሜም በኑሮም የሚበልጡን አንድ ጋሼ ግን «ለመንታማ ትልቁን ነው መግዛት! እግዜር ሁለት ሰጥቶህ በትንሽ ጋሪ ታፍናቸዋለህ? ደግሞስ ሰው አያይም?» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔ «በአውቶቡስ የምትሄድ ከሆነ የመንታ ጋሪ ጨርሶ አትግዛ፤ ለአንዱ ልጅ ትንሽ ጋሪ ግዛ፣ ሌላውን አንተው ተሸከመው» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። «የባንኩ ገጣሚ ሞግዚት ሆነ» ተባለ። ጠያቂው ወንድማችንም አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ በእርግጥ መልስ ፈልጎ ነበርና። በሳቅ መካከል መከራከር አይቻልም። ስለዚህ መልሴን ይዤ ወደዚህ መጣሁ።

የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ባለቤቴ መንታ፣ ወንድና ሴት፣ ወለደች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀናቸው ክርስትና ስለተነሡ ሁለት ጊዜ ደገስን፤ በመጀመሪያው ድግስ ላይ ወዳጆቻችን ገንዘብ አዋጥተው አንድ ታላቅ ጋሪ አበረከቱልን። ጎን ለጎን፣ ባለ ትልልቅ ጎማ፣ ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ከዳር እስከ ዳር 76 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ። ከአጠገቡ ቆሜ ፎቶግራፍ ተነሣሁና ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው፣ የራሴ የሚለው ነገር እንዲያ ሲያብረቀርቅ ማየቱ ያሰክራል። መኪና የለኝም። በምኖርበት በደቡብ ለንደን ሐኪም ቤቱም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የሚደረሰው በአውቶቡስ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያን ጋሪ በተቀበልሁ ጊዜ አውቶቡስ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም።

አሁን ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ደንብ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አውቶቡስ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር የሚተወው ቦታ ከ130 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከ75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ማነስ የለበትም። የሕፃን ጋሪም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በዚያው ቦታ ነው። የእኔ ጋሪ በአንድ ሳንቲ ሜትር ከልኩ ያልፋል። በአንድ ሳንቲ ሜትር ማን ይሞታል? ማንም አይሞትም፤ ጎማው መተላለፊያው ላይ ወጣ ይላል፣ የሰው ቁርጭምጭሚት ይመታል፣ «ይቅርታ» እያልሁ ሰባት ፌርማታ እሄዳለሁ፣ በቃ። የጋሪው ትልቁ ነውር ሌላ ነበር። መግባቱን በግድም ቢሆን ይገባል፤ አንዴ ከገባ ግን አይታጠፍም። ሁለት ሕፃናት ተኝተውበት፣ ሁለት እጅ ብቻ ያለው አባት አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ ካቀፈ በምኑ ያጥፈው? ሱቅ ውስጥ ሻጩ በአንድ እጁ ከፍቶ በአንድ እጁ ሲዘጋው ያየ ሁሉ ይደነቃል። ሻጩ ግን ልጅ አልያዘም።

በኅዳር ወር አንድ ማታ ዝናብ እየወረደ ከሐኪም ቤት እንመለሳለን፤ ልጆቹና እኔ። አምስት ወር ሞልቷቸዋል፤ ሁለቱም ተኝተዋል። መንታ ያሳደገ ሰው «ሁለቱም ተኝተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ያውቃል። አውቶቡሱ ቆመ፤ በመካከለኛው በር በኩል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች አንዲት ሴት ትጠብቃለች። ቦታው ለእርሷ እንዲለቀቅ የሚጠይቀው የተቀረጸ ድምፅ ተሰማ። አልተነቃነቅሁም። ሹፌሩ ደግሞ በራሱ አንደበት ለመነ፤ ጋሪውን እንዳጥፍለት። እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ የተኙትን ልጆች አሳየሁት። ሁለት እኮ ናቸው! ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ አየ። ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ ያለው ላስቲክ ዝናቡን እያንቆረቆረ፣ «ግድ የለም፣ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ የለመደ ሰው ድምፅ ነበር። በሩ ተዘጋ። ልጆቹ እስከ ቤት ድረስ አልነቁም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ይህን ጻፍሁ፤ ከዚያ በኋላ አላሻሻልሁትም፣ ለማሻሻልም አልደፈርሁም፤

ጋሪዬ ሰፋና፣ በሩን ሞላሁበት፣
አንዲት ሴት በዝናብ፣ ቀረች ካለችበት፤
መንታ አለኝ ብዬ፣ ስኮራ ስመካ፣
የሰው ቦታ ኖሯል፣ የያዝሁባት ለካ።

«የሰው ቦታ» ማለቴ ለቤት መምቻ አይደለም። ብዙ ወላጆች «ቀድሜ ገብቻለሁ፤ ቦታው የጋራ ነው» ይላሉ፤ እኔም ለራሴ ብዬው ነበር። ታሪኩን ግን እንመልከት። የድሮዎቹ የለንደን አውቶቡሶች ከፍ ያለ ደረጃ ነበራቸው፤ ወላጅ ጋሪውን ሜዳ ላይ አጥፎ፣ ልጁን አቅፎ ነበር የሚሳፈረው። ያን ደረጃ ዝቅ ያደረገው የእኛ የወላጆች ጩኸት አልነበረም። በ1990ዎቹ አካል ጉዳተኞች ራሳቸውን በካቴና ከአውቶቡስ ጋር እያሰሩ፣ መንገድ እየዘጉ፣ ፖሊስ እየጎተታቸው የተሟገቱበት ነው። ከኋላ በሩ ክፍት የነበረው ስመ ጥር ቀይ አውቶቡስ በ2005 መጨረሻ ከመደበኛ መስመር ሲወጣ ዝቅ ያለ ወለል በከተማይቱ ሁሉ ደረሰ፤ እኛም ጋሪያችንን እየገፋን ሰተት ብለን ገባን። ሌላው የታሰረበትን ቦታ በነፃ ወረስን፤ ወርሰንም አላበቃን፣ ባለቤቱን ዝናብ ላይ አቆምነው።

በየካቲት 2012 ዳግ ፖሊ የተባለ ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ከዌዘርቢ ወደ ሊድስ ለመሄድ አውቶቡስ ሊሳፈር ቢመጣ፣ ቦታው ላይ የተኛ ልጅ በጋሪ የያዘች እናት አገኘ። ሹፌሩ ጋሪውን እንድታጥፍ ጠየቃት፤ «አይታጠፍም» አለች። ፖሊ «እንግዲያውስ የእኔን ወንበር አጥፌ ተራ መቀመጫ ላይ ልቀመጥ» ቢል ያም አልተፈቀደለትም። ወላጆቹ ዘንድ የሚያደርሰው ባቡር አመለጠው። ክሱ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየዞረ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥር 2017 ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት፣ ሹፌር አንድ ጊዜ ጠይቆ እምቢ ሲባል ዝም ብሎ መንዳት እንደማይበቃው ወሰነ፤ እምቢታው ያለ በቂ ምክንያት ከሆነ ጠበቅ አድርጎ መጠየቅ፣ እንደ ነገሩም ሁኔታ አውቶቡሱን ለጥቂት ደቂቃ እስከ ማቆም መሄድ ይገባዋል። ዳኞቹ በብዙ ነጥብ ተለያይተው ነበር፤ ይህን ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ። እኔን የያዘኝ ያ ቃል ነው። እግሩ የሆነውን ወንበር ለማጠፍ የተዘጋጀ ሰው ፊት «ጋሪዬ አይታጠፍም» የሚባል ቃል። እኔም ቃል በቃል ባልለው፣ በእጄ ምልክት ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ምክር ልመለስ። «ትልቁን ግዛ፤ ሰው ያያል» ባይነት አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የሕፃን ጋሪ ተብሎ በብዛት የሚነገርለት ዊልያም ኬንት በ1733 ለአንድ መስፍን ልጆች የሠራው ነው፤ ቅርጹ የዛጎል፣ የሚጎትተው ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ። የመስፍን ልጅ መንገድ አይቸግረውም፤ መንገዱም ግቢውም የአባቱ ነው። ጋሪው የተሠራው ለመድረስ ሳይሆን ለመታየት ነበር። በ1965 ደግሞ ኦወን ማክላረን የተባለ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ በጦርነቱ ዘመን የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ጎማ የሚታጠፍበትን አካል የነደፈ ሰው፣ የልጅ ልጁ የሚሄድበት ጋሪ ክብደት አስገርሞት እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ጋሪ ፈለሰፈ። ክብደቱ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ታጥፎ በክንድ ላይ የሚንጠለጠል ጋሪ! በእኔ ግምት አውቶቡስ ለሚሳፈር ድኻ ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር አልተሠራም። እኛ ግን ከስልሳ ዓመት በኋላ ወደ መስፍኑ ግቢ ተመልሰናል፤ ፍየሉ ብቻ ቀርቷል።

ለጠያቂው ወንድሜ ያለ ሳቅ ልንገርህ። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ ለልጆቹ ይመቻል፤ አራስ ሳሉ ሁለቱም ተዘርግተው ይተኙበታል፣ እኩል ያያሉ፣ አንዱ ቢወርድ ጋሪው አይገለበጥም። ስፋቱ ግን ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከገዛህ ከ75 በታች የሆነውን ፈልግ፤ ሜትርህን ይዘህ ሂድ፤ የወረቀቱን ቁጥር ሳይሆን የኋላ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር ለካ። አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ የሚያስቀምጠው ደግሞ እንደ ነጠላ ጋሪ ጠባብ ነው፤ በሩን በቀላሉ ያልፋል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ስትገባ መዞር አለብህ፤ ያ ረጅም ነገር ከምሰሶና ከሰው ጉልበት መካከል ሲዞር ያየሁ እንደ ሆነ የሎንቺና ተሳቢ ትዝ ይለኛል። ብዙዎቹ ላይ የኋለኛው ልጅ ከታች ተወሽቆ የወንድሙን ጀርባ ሲያይ ይውላል፤ ለታላቅና ለታናሽ ይሆናል፣ ሁለቱም መተኛት ለሚገባቸው አራስ መንቶች ግን እምብዛም አይመከርም። የገበያ ፌስታል እጀታው ላይ የምትሰቅል ከሆነ ቀላሉም ረጅሙም ወደ ኋላ ይወድቅብሃል፤ አትስቀል። እነዚህ ሁሉ ግን ዝርዝሮች ናቸው። ሁለቱም ጋሪዎች ያቺ ሴት ስትመጣ አንድ ናቸው፤ ብቻህን ሆነህ አንዱንም አታጥፈውም።

እኔ ያን ታላቅ ጋሪ ከዚያ ማታ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሸጥሁት። ያዋጡት ወዳጆቼ ዛሬም አኩርፈውኛል። በገንዘቡ ጃንጥላ መሳይ ነጠላ ጋሪ ገዛሁ፤ ጀርባው ተዘርግቶ የሚያስተኛውን ዓይነት። ለሁለተኛው ልጅስ? በዚያ ጊዜ እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ነበር። ይዛ ከመጣችው በርበሬና ሽሮ መካከል እኔንና ታናናሾቼን ያዘለችበት አንቀልባ ነበር፤ ቆዳው ከማርጀቱ የተነሣ የለሰለሰ፣ ከዳሩ ላይ ዛጎሉ ግማሹ የረገፈ። ለትዝታ ነው ያመጣችው፤ ለባለቤቴም እንዳትሰጣት ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ገና መሸከም አትችልም። «እማዬ፣ ለእኔ እሰሪልኝ» አልኋት። ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ ወንድ ልጅ አዝሎ... ሰው ምን ይላል?» አለች። ይህች ሴት አራት ልጅ አዝላ፣ እሳት አንድዳ፣ ገበያ ወጥታ ያሳደገች ናት፤ ማን ምን እንደሚል ተጨንቃ አታውቅም። ለእኔ ሲሆን ግን አፈረች። መጋረጃውን ዘግታ ነበር ያሰረችልኝ፤ ልጁን በደረቴ በኩል፣ ፊቱ እንዲታየኝ፣ አገጩ ከደረቱ እንዳይጣበቅ አድርጋ። «አንገቱ ሲጠና ወደ ጀርባ ትመልሰዋለህ» አለች። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችኝና አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሳቋ ይሁን ሌላ ነገር ዛሬም አላውቅም።

እናም ወጣሁ። ወንዱ በደረቴ፣ ሴቷ በጋሪዋ። የጋሪው ስፋት ከ50 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ልጄን ከጋሪው አነሣኋት፣ በግራ ክንዴ አቀፍኋት፣ ማጠፊያውን በእግሬ መትቼ ጋሪውን በቀኝ እጄ ሰበሰብሁት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ሽማግሌው «እናመሰግናለን» ብለው ጋዜጣቸውን ዘረጉ፤ የሆነ ነገር እንደ ተደረገም አልቆጠሩት። እኔ ግን እስከምወርድ ድረስ ስኮራ ነበር፤ ይህም የእኔው ድክመት ነው።

«ማዘል ኋላ ቀርነት ነው፤ ከገጠር ያመጣነው ነው» ለሚሉኝ ብዙ ቃል አላጠፋም። የእናቴን አንቀልባ በጨርቅ የሠሩት ሰዎች እዚሁ ለንደን በመስታወት መደብር ውስጥ በብዙ ፓውንድ እየሸጡት ነው፤ ገዢዎቹም ከገጠር አልመጡም። ከእነርሱ ዘንድ ሲገዛ ሥልጣኔ፣ ከእናት ሲወረስ ኋላ ቀርነት የሚሆንበትን ሒሳብ ባንክ ውስጥ ስሠራ አልተማርሁትም።

ሌላው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። «ሁሉም መሸከም አይችልም» ይላሉ። እውነት ነው። ወገቧ የታመመ እናት አለች፤ ብቻዋን የምታሳድግ አለች፤ ልጆቹም ዓመት ሲሞላቸው እያንዳንዳቸው ወደ ዘጠኝና ዐሥር ኪሎ ይደርሳሉ፣ ያኔ እኔም አቃስቼአለሁ። እንዲህ ላለ ሰው ከ75 በታች የሆነው ቀላሉ ጎን ለጎን ጋሪ ይሁንለት፤ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ልጅ ይቀበሉለት። ሴት ልጅ አራስ ወገቧን አሥራ አንዱን አዝላ ሌላውን ትግፋ የሚል ፍርድ ከእኔ አልወጣም። ሙግቴ ከሚችለው ጋር ነው። ወገቡ ደህና የሆነ፣ በቅዳሜ ኳስ የሚጫወት፣ 20 ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣ፣ አምስት ኪሎ የራሱን ልጅ በደረቱ ማሰር ግን ወንድነቱን የሚቀንስበት ከሚመስለው ወንድሜ ጋር ነው። የዚያ ግዙፍ ጋሪ ምስጢር ከልጆቹ ብዛት ይልቅ የአባታቸው ኀፍረት ይመስለኛል። ጋሪ ሲገፋ ሹፌር ነው፤ ሲያዝል ሴት ይሆናል። ስለዚህ 15 ኪሎ ብረት ከሰውነቱና ከልጁ መካከል ያቆማል፤ ያ ብረትም አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የሌላ ሰው ወንበር ቦታ ላይ ያርፋል። የእርሱ ኀፍረት ዋጋ የሚከፈለው ፌርማታው ላይ ነው።

በግጥሞቻችንም ውስጥ ፈልጌያለሁ። እኔ ባነበብኋቸው ውስጥ እሹሩሩ የሚል አባት አላገኘሁም። ጋሻ የተሸከመ አለ፤ ጠመንጃ ያነገተ አለ፤ የአገር ጭንቀት የተሸከመማ ሞልቷል። ያገኘ አንባቢ ቢኖር ቢጽፍልኝ ደስታውን አልችለውም።

ባለፈው እሑድ ያ ወጣት ወንድማችን ቤት መጣ፤ ብቻውን፣ ማንም ሳያየው። የእኔ ልጆች አሁን በእግራቸው ይሄዳሉና ትንሿን ጋሪ አጥቤ አዘጋጅቼለት ነበር። ከፍቶ ዘጋት፣ ከፍቶ ዘጋት፣ ስፋቷን በስንዝሩ ለካ። ከዚያ «አንቀልባውን ለባለቤቴ እወስድላታለሁ» አለኝ። «ለባለቤትህ አልሰጥም፤ ና ቁም» አልሁት። የሴት ልጄን አሻንጉሊት አስገብቼ በደረቱ ላይ አሰርሁለት፤ እናቴ እንዳሰረችልኝ። እጁን ከሥር ደግፎ ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደና፣ መንገዱ ላይ የሚያውቀው ሰው እንዳለ አየ።